ለአክስቴ የበዓል ስጦታ ሻርፕ ልሠራ ነው፤ የትኛውን ክር ትመክሩኛላችሁ?

ጀማሪ እጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በዓሉ ሊደርስ ስድስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ላሳደገችኝ አክስቴ በእጄ የሠራሁትን ሻርፕ ልሰጣት አስቤያለሁ። እስካሁን የሠራሁት ሁለት ኮፍያ ብቻ ስለሆነ ከባድ ንድፍ አልመኝም። የምጠይቃችሁ ስለ ክሩ ነው፤ ከበግ ሱፍ፣ ከአክሪሊክና ከጥጥ መምረጥ አቅቶኛል። አክስቴ አንገቷን የሚኮሰኩሳት ነገር አትወድም፤ ልብሷንም የምታጥበው ሁሉንም በአንድነት ነክራ ነው። ሦስቱንም የሞከራችሁ ልዩነታቸውን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሱፍ ወዳድ፦ ያለ ጥርጥር ሱፍ ይግዙ። ሹራብ መሥራት ከጀመርሁ ጊዜ አንሥቶ ሌላ ክር በእጄ አልነካሁም፣ ወደፊትም አልነካም። ሱፍ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ስለዚህ የጀማሪ እጅ አንዱን ቀለበት ቢያጠብቅና ሌላውን ቢያላላ እንኳ ከታጠበ በኋላ ረድፉ ይስተካከላል። አክሪሊክ የምትሉት ግን ፕላስቲክ ነው፤ ለሚወዱት ሰው አይሰጥም።

ልቃቂት፦ ስለ ሱፍ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የደረሰብኝን ልንገርዎት። ለአጎቴ ሦስት ወር ሙሉ የደከምሁበትን የሱፍ ሹራብ ለበዓል ሰጠሁት። ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይለብሰው በሙቅ ውሃ ከሌሎች ልብሶች ጋር ታሸና እጅጌው ከክርኑ አላልፍ አለ፤ ጨርቁም ከመወፈሩ የተነሣ አንዱን ቀለበት ከሌላው መለየት አይቻልም ነበር። አጎቴ ሹራቡን በሁለት እጁ ዘርግቶ እንደ ጥፋተኛ ይቅርታ ሲለምነኝ፣ ከልፋቴ ይልቅ የእሱ መሸማቀቅ አንጀቴን በላው። የሱፍ ፀጉር ላዩ እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረቡ ጥቃቅን ሽፋኖች የተሸፈነ በመሆኑ፣ ሙቀት፣ ሳሙናና ማሸት አንድ ላይ ሲያገኙት ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው እንደሚቀሩ የተማርሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሚታጠብ አልነገርሁትም።

ክረምት፦ የእኔም የሱፍ ኮፍያ እንዲሁ ሆኖብኛል። ወደ ቀድሞ መጠኑ የሚመልሰው ዘዴ ይኖር ይሆን?

ልቃቂት፦ በትንሹ የተኮማተረ ከሆነ ለብ ባለ ውሃ ተነክሮ በዝግታ ቢወጠር ጥቂት ሊሰፋ ይችላል። ቀለበቶቹ ከማይለዩበት ደረጃ ከደረሰ ግን አይመለስም። እኔ የአጎቴን ሹራብ በመቀስ ቆርጬ ጓንት ሰፋሁበት፤ እንዲህ የተጠላለፈ ሱፍ ቢቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም።

ባለ ቀርከሃ፦ ከክሩ በፊት መርፌው ይታሰብበት። የብረት መርፌ ፈጣን ቢሆንም የሚያንሸራትት ክር ሲገጥመው ቀለበቶቹ ሾልከው ይወድቃሉ። ቀርከሃ ክሩን ያዝ ስለሚያደርግ ለጀማሪ እጅ እሱን እመርጣለሁ።

ማሽን ቤት፦ በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ስድስት ሳምንት አይበቃም። በሹራብ ማሽን ለሚሠራ ባለሙያ ቢሰጡት በአጭር ጊዜ ይደርስልዎታል።

ቆጣሪ፦ ጠያቂዋ ስለ ክር ጠይቀው ስለ ተበላሸ ሹራብ፣ ስለ መርፌና ስለ ማሽን መለስንላቸው። በእጄ ልሥራ ላለ ሰው «ለሌላ ይስጡት» ማለት ምክር አይደለም። ጊዜው አይበቃም የተባለውንም አስልተን እንየው። ሻርፑ 20 ሳንቲሜትር ስፋትና 150 ሳንቲሜትር ርዝመት ይኑረው፤ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 22 ቀለበትና 28 ረድፍ ቢገባ፣ 44 ቀለበት በ420 ረድፍ ሲባዛ 18,480 ቀለበት ይሆናል። በደቂቃ 15 ቀለበት ብቻ ቢሠሩ 20 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በቀን አንድ ሰዓት ቢሠሩ በሦስት ሳምንት ይጨርሳሉ፤ ተሳስተው ለሚፈቱትም ሌላ ሦስት ሳምንት ይተርፍዎታል።

አሮጊቷ መርፌ፦ ልጄ፣ ሦስቱንም ለብዙ ዘመን ሠርቼባቸዋለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። ጥጥ አይኮሰኩስም፣ መታጠብም አይፈራም፤ ነገር ግን ከባድ ነው፣ ከተለጠጠም እንደ ሱፍ አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሻርፑ በራሱ ክብደት እየረዘመ ይሄዳል። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ እንደ ሱፍም አይኮማተርም፤ ጠላቱ ካውያ ነው። ትኩስ ካውያ ያረፈበት አክሪሊክ ለሽ ብሎ ይቀራል፤ የቀድሞ መልኩንም አያገኝም። ሱፍን በተመለከተ የሚኮሰኩሰው የፀጉሩ ውፍረት ነው፤ ከ30 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በላይ የሆነው ቆዳን ይወጋል፣ ሜሪኖ ከሚባለው የበግ ዝርያ የሚገኘው ቀጭን ሱፍ ግን አንገት ላይ አይታወቅም። በማሽን እንዲታጠብ ተብሎ በፋብሪካ የተዘጋጀ ሱፍም አለ፤ ቅርፊቱ ስለተሸፈነ ወይም ስለተወገደ አይጠላለፍም፤ ሲረጥብ ግን ስለሚለጠጥ ተንጠልጥሎ ሳይሆን ተዘርግቶ ይድረቅ። ክሩን የምትመርጪው ለአንቺ መርፌ በሚመቸው ሳይሆን በአክስትሽ እጥበት ነው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ልቃቂት ግዢ፤ 10 በ10 ሳንቲሜትር የሆነ የሙከራ ቁራጭ ሠርተሽ እሷ እንደምታጥበው አድርገሽ እጠቢው፤ ከታጠበ በኋላም አንገትሽ ላይ ለጥቂት ጊዜ አቆዪው። የምታምኚው የክር ዓይነት ሲገኝ የሚያስፈልግሽን ሁሉ ባንድ ጊዜ ግዢ፤ በክሩ መጠቅለያ ወረቀት ላይ ያለው የማቅለሚያ ዙር ቁጥር፣ ማለትም አብረው የተቀለሙትን ክሮች የሚለየው ቁጥርም፣ አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ቁጥሩ ከተለያየ በሻርፑ መሐል የቀለም መሥመር ይወጣብሻል።

ሱፍ ወዳድ፦ የተባለው ሁሉ ቢሆንም ሱፍን የሚተካ የለም። የማጠቢያው መመሪያ በወረቀት ተጽፎ ከስጦታው ጋር ቢሰጥ ችግሩ ሁሉ ይወገዳል።

ልቃቂት፦ ወረቀቱ በዓሉ ሳያልፍ ይጠፋል። አንዲትን ትልቅ ሴት ዕድሜ ልክ ከለመዱት እጥበት ማስተው ከባድ ነው፤ ስጦታውም እንዳይበላሽ የሚጨነቁበት ዕዳ ይሆንባቸዋል።

ክረምት፦ አንድ ነገር ልጨምር። በአንዱ ፊት ለስላሳ፣ በሌላው ፊት ሸካራ ሆኖ የሚወጣው የተለመደው አሠራር ለሻርፕ አይሆንም፤ ጠርዙ እየተጠቀለለ እንደ ገመድ ይሆናል። ኮፍያ ላይ ክብ ስለሆነ አላስተዋሉት ይሆናል። ሁለቱም ፊት አንድ ዓይነት እንዲሆን ረድፎቹን በሁለት ዓይነት ቀለበት ከማፈራረቅ ይልቅ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ቀለበት ብቻ ይሥሩት፤ ተዘርግቶ ይተኛል። ረድፉ በቁመት ስለሚሰበሰብ ግን ቁጥሩ ከተሰላው በላይ ይሆናል።

ቆጣሪ፦ ልክ ነው፤ የእኔን ስሌት በዚሁ ያርሙት። የሙከራው ቁራጭ ውጤት ምን ሆነ? የትኛውን ያዙ?

ጀማሪ እጅ፦ ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሦስት ቁራጮች ሠርቼ ከልብሶቼ ጋር ነክሬ አጥቤአቸዋለሁ፤ አንደኛው ያሰብሁትን አልሆነም። ሻርፑን ከጀመርሁ አራት ቀን ሆኖኛል፤ አሁን አንድ ክንድ ያህል ደርሷል። የቸገረኝ አንድ ልቃቂት አልቆ ሌላ ሲቀጠል የሚቀረው የክር ጫፍ ነው። ቋጥሬው አንዱ ቋጠሮ ፊት ለፊት ወጣብኝ። እንዴት ላድርገው?

አሮጊቷ መርፌ፦ ቋጠሮ አትቋጥሪ ልጄ። አዲሱን ክር በረድፉ ጠርዝ ላይ ጀምሪው፤ ከአሮጌውም ከአዲሱም 15 ሳንቲሜትር ያህል አስተርፊ። ሻርፑ ሲያልቅ የክሩን ጫፍ በደንደሳም፣ ማለትም ጫፉ በማይወጋ፣ መርፌ አስገብተሽ በቀለበቶቹ መንገድ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥቂት ሂጂ፤ ከዚያ ዞረሽ ወደ ኋላ ተመለሽ። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ፊት የሄደ ክር ይሾልካል፤ የተመለሰ ግን ይይዛል። የተረፈውን የምትቆርጪው ጨርቁን በእጅሽ ወጠር ወጠር ካደረግሽ በኋላ ነው።