የክትባት መዝገብ የሚሰጥ ቄብ አሳዳጊ ጠቁሙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ለ30 ቄብ 6 ካሬ ቤት ተዘጋጅቷል፣ ሰጋቱራውም ተነጥፏል። የቸገረኝ ዶሮው ነው።

በደላላ የሚመጣው ሁሉ «የተከተበ ነው» ይባላል። በስንተኛው ቀን፣ በምን? ሲባል ዝም። የማሬክስ (ዶሮን ሽባ የሚያደርግ በሽታ) ክትባት ጫጩቱ በተፈለፈለበት ቀን ካልተሰጠ በኋላ የሚካካስ ነገር አይደለም። የፈንግልና የጉምቦሮ (ሌላ የጫጩት በሽታ) ክትባት ቀን ካልታወቀ ደግሞ ቀጣዩን ላሶታ (የፈንግል ክትባት) መቼ በውሃ እንደምሰጥ መወሰን አልችልም። (በቧንቧ ውሃ የምትበጠብጡ ካላችሁ፣ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል።)

ሌላው ዝርያው ነው። ቦቫንስ ብራውን ተብሎ ሳሶ ይሰጣል። ሳሶ ክፉ ዶሮ አይደለም፤ ግን ከብዶ ብዙ ይበላል፣ እንቁላሉም ያንሳል፤ እንቁላል ለሚፈልግ እንደኔ ላለ አይሆንም። የቦቫንስ ወንዱ ገና ጫጩት ሳለ ነጣ ስለሚል ቀድሞ ይለያል። ስለዚህ «ቦቫንስ» ከተባለው መንጋ ውስጥ ቡናማ አውራ ዶሮዎች ከታዩ ነገሩ ያጠራጥራል።

ቢሾፍቱ ድረስ መሄድ አይከብደኝም፤ ግን በር ላይ «ከ500 ዶሮ በታች አንሸጥም» ተብሎ መመለስ አልፈልግም። እናም፦ የ2 ወይም የ3 ወር ቄብ 30 ብቻም ቢሆን የሚሸጥ፣ የክትባት ቀን በጽሑፍ የሚሰጥ፣ በተለያየ ዕድሜ ያሉ ዶሮዎችን በአንድ ቤት የማይቀላቅል አሳዳጊ የምታውቁ ካላችሁ ሰፈሩንና የአሁኑን ዋጋ ጻፉልኝ። ሱሉልታም ሆነ ሰበታ ቢሆን እሄዳለሁ።