አስቸኳይ፦ ከመርፌው በኋላ ተንቀጠቀጠ፤ ተማሪዎቹ ነገ ጠዋት ሊበተኑ ነው

አስነጋሪው (በቅኔ ጉባኤ የመምህሩ ረዳት፣ ምሥራቅ ጎጃም)፣ ነሐሴ 9፣ ከምሽቱ 1፡20

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። በቅኔ ጉባኤያችን ሰባት ልጆች ተኝተዋል። ሦስት አራት ቀን ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ራሳቸውን ይፈልጣቸዋል፣ ወገባቸውን ይቆርጣቸዋል። ከዚያ ላብ አጥምቋቸው ይተዋቸዋል። ዳንን ብለው ተነሥተው ቅኔ መቍጠር ሲጀምሩ በሳምንቱ ይመለስባቸዋል። የአንደኛው ዓይን ቢጫ ሆኗል፤ ነስርም አለው።

ትናንት ከሰዓት አንዱን በቃሬዛ ተሸክመን ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ መርፌ ተወጋ። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ተንቀጠቀጠ፣ ገላው እሳት ሆነ፣ ቀጥሎም ላብ በላብ ሆኖ ራሱን ሳተ። አብረውት የነበሩት ልጆች «መርፌው ሊገድለው ነው» ብለው ይዘውት ተመለሱ። አሁን ጎጆው ውስጥ ተኝቷል፤ ይናገራል። ሌሎቹ ግን ብንሞት እንሞታለን እንጂ አንሄድም ብለዋል። የኔታም በሽታው ጉባኤውን ሳይጨርሰው ሁሉም ነገ ጠዋት ወደየአገሩ ይሂድ ብለዋል። ከወሎም ከጎንደርም የመጡ አሉ።

መርፌው ይቅር ወይ? ልጆቹስ ይሂዱ? ውሳኔው ዛሬ ማታ ነው።

የደንበጫ ልጅ

ወባ ነው። እኛም አገር ዘንድሮ እንዲሁ ነው። መንቀጥቀጥና ላብ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የወባ መድኃኒት ስጧቸው፤ አጎበር አድሏቸው። የሚበተኑበት ምክንያት የለም።

ሲስተር፣ ደብረ ማርቆስ

ወንድሜ፣ ሌላውን ሁሉ ትተህ ይህን አንብብ። አራት ቀን አተኩሶ፣ ለቅቆ፣ በሳምንቱ የሚመለስ ትኩሳት፤ የዓይን ቢጫነት፤ ነስር፤ በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ ልጆቹም በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው ያድራሉ። ይህ ግርሻ የሚባለውን፣ እየለቀቀ የሚመለሰውን የትኩሳት በሽታ ያስጠረጥራል። የሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ነው።

መርፌው አልበደለም። በደም ውስጥ ያለው ተሕዋስ በመድኃኒቱ በአንድ ጊዜ ሲሞትና ሲፈራርስ ሰውነት ይናወጣል። ከመርፌው በኋላ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ይመጣል፤ ቀጥሎ ላብ፣ ከዚያም የደም ግፊት መውረድ። አደገኛ ነው፤ ሰው ይሞትበታል። መፍትሔው ግን መርፌውን መተው አይደለም፤ ሳይታከሙ ከቀሩት ሰዎች ብዙዎች ይሞታሉ፣ ከታከሙት የሚሞተው ጥቂት ነው። መፍትሔው ከመርፌው በኋላ እስከ ማግሥቱ ድረስ ከጤና ጣቢያው አልጋ አለመነሣት ነው። እዚያ ጉሉኮስ አለ፤ ግፊቱን የሚለካ ሰው አለ። ሽንት ቤት እንኳ ብቻውን መሄድ የለበትም፤ ብድግ ሲል የሚወድቅ አለ። ልጆቹ ይዘውት የወጡት በጣም በከፋው ሰዓት ነበር።

አሁን የሚናገርና የሚጠጣ ከሆነ ክፉው አልፎለታል። አጋድሙት፤ ውኃ፣ አጥሚት፣ የሚችለውን ሁሉ ይጠጣ። ነገ ግን ባለሙያ ይየው። ሲታመም የለበሰውን ልብስ አሁንም ለብሶታል?

የደንበጫ ልጅ

ሲስተር ባከብርሽም ሳይመረመር ግርሻ ነው ማለት ትክክል አይደለም። ስንት ሰው ነው ወባን በሌላ ተሳስቶ የሞተው?

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ሁለታችሁንም የሚያስታርቀው አንድ ጠብታ ደም ነው። ለወባ የሚሠራው የደም ስላይድ ግርሻንም ያሳያል፤ እንደ ክር የተጠማዘዘ ረቂቅ ነገር በቀይ ሕዋሳቱ መካከል ይታያል። በጣት ላይ የሚደረገው ፈጣን የወባ ምርመራ ግን ግርሻን አያሳይም፤ ስለዚህ «ወባ የለብህም» ተብሎ የሚመለስ የግርሻ ታማሚ አለ። ደሙ መወሰድ ያለበት ትኩሳቱ ላይ ሳሉ ነው። ሲለቃቸው ተሕዋሱ ከደም ይሰወራልና ላይገኝ ይችላል። ያቺን ሰዓት ጠብቁና ውሰዷቸው፤ «በስላይድ ይታይልን» በሉ።

መሪጌታ ከዲማ

ልጄ አስነጋሪ፣ እግዚአብሔር ይማርልህ። እኔም በልጅነቴ በጎንጅ ሳለሁ ይህ በሽታ አግኝቶኛል፤ ከጎጆዬ ሦስት ሆነን ገብተን ሁለት ሆነን ወጣን። ስለዚህ የምነግርህን በቀላሉ አትየው።

ለየኔታ በትሕትና እንዲህ ብለህ ንገራቸው፦ ተማሪው ከተበተነ ቅማሉም አብሮ ይበተናል። እያንዳንዱ ልጅ በየመንገዱ በሰው ቤት ያድራል፤ በየደረሰበት ጉባኤ ይጠጋል፤ ከእናቱ ቤት ሲደርስ ከታናናሾቹ ጋር አንድ ጋቢ ይለብሳል። እዚህ በአንድ ቅጥር ያለውን በሽታ በአርባ ቀበሌ መዝራት ነው። የኔታ ልጆቹን ለማዳን ብለው እንዳሰቡ አውቃለሁ፤ የሚድኑት ግን አብረው ሲቆዩ ነው።

በፍልሰታ ነንና አንድ ነገር ልጨምር። ሕመምተኛ ከጾም ነፃ ነው። የታመሙት ይብሉ፤ ወተትም ቢሆን ይጠጡ። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ መርፌውንም ይወጉ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በእንተ ስማ ለማርያም እያሉ መንደር ለመንደር መዞሩም ለጊዜው ይቅር። የደብሩ ሰው ቁራሹን ወደ ቅጥሩ በር ያምጣላቸው። ጎጃም ለተማሪ እንጀራ አይነፍግም፤ ብቻ ይነገረው።

ገበሬው ከቢቸና

ቅማል ከሆነማ ቀላል ነው። ለጤፉ የምንረጨው ማላታይን አለ፤ ልብሱ ላይ አርከፍክፉት፤ በአንድ ሌሊት ይጠርጋል።

ሲስተር፣ ደብረ ማርቆስ

በፍጹም! የእርሻ መድኃኒት በሰው ልብስ ላይ እንዳታደርጉ። በቆዳ ይገባል፤ በትንፋሽ ይገባል፤ በተራበና በታመመ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ለልብስ የሚሆን የፐርሜትሪን ዱቄት የተለየ ነው፤ ከጤና ጽሕፈት ቤት ይጠየቃል።

የጎዛምን ሰው

ራሳቸውን ይላጩ፤ ያልቃል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

አያልቅም። የራስ ቅማልና የልብስ ቅማል ይለያያሉ። ግርሻን የሚያመጣው የልብሱ ነው፤ የሚኖረውም፣ እንቁላሉን የሚጥለውም በስፌቱ ውስጥ ነው። ወደ ገላ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነው። ገላው ሲግል ደግሞ ያንን ልጅ ትቶ ወደ ጎኑ ወደ ተኛው ይሄዳል። በአንድ ጎጆ ተራ በተራ የሚወድቁት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብሎ በጥፍር ቅማል መፍጨት የተለመደ ነው። የግርሻ ተሕዋስ ያለው በቅማሏ ደም ውስጥ ነው፤ ስትፈጭ ይወጣና በታከከ ቆዳ ወይም በታሸ ዓይን ይገባል። ፈጽሞ አትፍጩ! ወደ እሳት ወይም ወደ ፈላ ውኃ ጣሉት።

የታሪክ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ

ይህ በደንብ መታወቅ ያለበት ነገር ስለሆነ ጥቂት ላብራራ። ቻርልስ ኒኮል የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በቱኒስ ሆስፒታል የታይፈስ (ከግርሻ የተለየ ሌላ ብርቱ የትኩሳት በሽታ ነው) በሽተኞችን ሲያይ አንድ ነገር አስገረመው። በሽተኛው ደጅ ላይ ሳለ የነካው ሰው ይታመማል፤ ልብሱን ተቀብሎ የሚያጥበው ሠራተኛ ይታመማል፤ ታጥቦ የሆስፒታል ልብስ ለብሶ ከገባ በኋላ ግን በአጠገቡ የተኛው አይታመምም። ስለዚህ በሽታው በበሩ ላይ ከልብሱ ጋር ቀርቷል ማለት ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. አስተላላፊው የልብስ ቅማል መሆኑን በሙከራ አሳየ፤ በ1928 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አገኘ። በ1915 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሰርቢያ በታይፈስና በግርሻ ስታልቅ ልብስን በእንፋሎት የሚያነጻ ተራ በርሜል ተሠራ፤ እስከ ዛሬ በዚያች አገር ስም ይጠራል። ወረርሽኝን የሚያቆመው ትልቅ ሕንፃ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ...

የደንበጫ ልጅ

መምህር፣ ሰውየው የጠየቀው ለዛሬ ማታ ነው።

ብረት ሠሪው፣ ፍኖተ ሰላም

መምህሩ መልሱን ይዘውታል። በርሜሉን እኔ ላስረዳ። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የብረት በርሜል ፈልግ፤ ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት አይሁን። ቂጡን በምስማር ወንፊት አስመስለህ ብሳው። በትልቅ ድስት ውኃ አፍላና በርሜሉን ከላዩ አስቀምጠው፤ መጋጠሚያውን ልክ እንደ አረቄው ጋን በጭቃ ምረገው። ልብሱን ከላይ በአግዳሚ እንጨት ስቀለው፤ አትጠቅጥቀው፤ እንፋሎቱ በመካከሉ ማለፍ አለበት። ክዳኑን ድፋና ድንጋይ ጫንበት። እንፋሎቱ በክዳኑ ዙሪያ በኃይል መውጣት ሲጀምር ሰዓት ያዝ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ሰዓት። ቅማሉም እንቁላሉም ይሞታል።

የጎዛምን ሰው

ልብሱን ቀቅሉት፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

አስነጋሪው፣ ከምሽቱ 3፡05

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለየኔታ አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፤ ዝም ብለው እየሰሙ ነው። ያልነገርኳችሁ፦ 64 ነን። ጎጆዎቹ ሃያ አንድ። ሁሉም ያለው አንድ ልብስ ነው። የደብሩ በርሜል አለ፤ ውኃ የምንቀዳበት። እንጨቱ ግን በዝናብ ርሷል። ደበሎውስ? ቆዳ ነውና ቢቀቀል ይኮማተራል። ሲስተር፣ አዎ፤ ልጁ ያንኑ ልብስ ለብሷል።

ሲስተር፣ ደብረ ማርቆስ

እንግዲያው ዛሬ ማታ ከእርሱና ከስድስቱ ጀምሩ። ልብሳቸውን አውልቀው በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይክተቱ፤ አፉ ይታሰር። ገላቸውን በሞቀ ውኃና በሳሙና ታጥበው ንጹሕ ጋቢ ይልበሱ። ጋቢ ከደብሩ እናቶች ለምኑ። ልብሱን የሚቀበለው ሰው እጀ ረጅም ይልበስ፤ በእጁም ላይ ፌስታል ያጥልቅ። ሌሎቹን በየቀኑ አሥር አሥር አድርጋችሁ አዳርሱ፤ በአንድ ጎጆ ያሉት ግን በአንድ ቀን ይሁኑ። አንዱ ነጽቶ ሌላው ከቀረ በማግሥቱ ይጋባል።

ወደ ጤና ጣቢያም እንዲሁ ታጥበውና ልብስ ለውጠው ይግቡ። ግርሻ በትንፋሽ አይተላለፍም፤ ልብሱ ደጅ ከቀረ አስታማሚውም በጎን ያለው በሽተኛም አይያዙም። ይህን ለነርሶቹም ንገሩ።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ደበሎውን በወፍራም ላስቲክ አሽጋችሁ አስቀምጡ፤ አትቀቅሉ። ቅማል ሰው ካላገኘ በሳምንት ገደማ ይሞታል። ሁለት ሳምንት በቂ ነው ይባላል፤ በደጋ ብርድ ግን እንቁላሉ ስለሚዘገይ አንድ ወር ይሁን። በርሜል እስኪደርሰው የሚጠብቀውን ልብስ ስፌት ስፌቱን በከሰል ካውያ ተኩሱት።

የዋሸራ ተማሪ የነበረ

አንድ ወር ደበሎው ከታሸገ የመንደሩ ውሻ ምን ሆኖ ይከርማል? ተማሪ ሳይሆን ሰው የመጣ መስሎት ሳይጮህ ያሳልፋችኋል። አይዟችሁ ልጆች። ስለ እንጨቱ፣ ኩበት ለምኑ፤ በክረምት ደረቅ ኩበት የሌለበት የጎጃም ቤት የለም። ለእንፋሎት ከእርጥብ እንጨት ይሻላል።

መሪጌታ ከዲማ

በቅማሉ ማንም ልጅ እንዳይሸማቀቅ። አንድ ልብስ ያለው ሰው ሲታጠብ ምን ይልበስ? ነውሩ የልጆቹ አይደለም፤ አንድ ጨርቅ ለብሰው እንዲማሩ የተውናቸው የእኛ ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ባሕር ዳር

ደግሞ ነገ በጠዋት ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ንገሩ፤ ወደ ወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ታድርሰው። ግርሻ በየሳምንቱ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች አንዱ ነው፤ እንዲህ ሰባት ሆኖ ሲመጣ ግን ሳምንት አይጠበቅም። ካልተሳካ 8335 በነፃ ይደወላል።

አስነጋሪው፣ ነሐሴ 10፣ ከጠዋቱ 2፡40

የኔታ «አይበተንም» ብለዋል። ሌሊቱን ሰባቱን አጠብን፤ እናቶች አሥራ ሁለት ጋቢ አምጥተዋል። በርሜሉ ተበስቶ እሳት ላይ ነው። የተወጋው ልጅ ትኩሳቱ የለም፤ እርሱ ራሱ ለጓደኞቹ «ተነሡ፣ እኔ አልሞትኩም» ብሎ ስለ ተናገረ አምስቱ አሁን ወደ ጤና ጣቢያ ሄደዋል፤ እስከ ነገ እዚያው ይተኛሉ።

ነገር ግን ሰባተኛው ጠፍቷል። መርፌውን ፈርቶ ሳይነጋ ወጣ። ትኩሳቱ ላይ ነው፤ ታጥቧል፣ ጋቢም ለብሷል፤ ነገር ግን ደበሎውን ከከረጢቱ አውጥቶ ይዞ ሄዷል። አገሩ በባሕር ዳር በኩል ነው።

የሞጣ ነጋዴ

በእግር ከሆነ በሞጣ ማለፉ አይቀርም፤ ተማሪ ደግሞ ሲመሽ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያርፋል። ከአሁን ጀምሮ ጊዮርጊስ ደጅ ሰው አቆማለሁ፤ ንጹሕ ብርድ ልብስና ባጃጅም አዘጋጅቻለሁ። አላስፈራራውም፤ አብልቼው አብሬው ጤና ጣቢያ አድራለሁ። ስሙን እዚህ አትጻፍ። በየትኛው በር እንደ ወጣና ጋቢው ምን ዓይነት ጥለት እንዳለው ብቻ ንገረኝ።