ኒንጃ ጋይደንን በአዳራሽ ተመልካች ፊት መጫወት፦ ፈጣኑ መንገድ ወይስ አስተማማኙ?

ጥያቄ፤ የሰሜን ቨርጂኒያው

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ወር እዚህ በምኖርበት አካባቢ ለሕፃናት ሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ በሚዘጋጅ የአንድ ምሽት ዝግጅት ላይ፣ የጥንቱን ኒንቴንዶ «ኒንጃ ጋይደን» በስፒድረን፣ ማለትም ከመነሻው እስከ መጨረሻው በተቻለ ፍጥነት በመጫወት፣ እንዳቀርብ ተራ ተይዞልኛል። አዳራሹ ሁለት መቶ ሰው ያህል ይይዛል፤ የተመደበልኝ ጊዜ 20 ደቂቃ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት ያህል፦ ቴክሞ እ.ኤ.አ. በ1988 በጃፓን፣ በ1989 ደግሞ በአሜሪካ ያወጣው ሲሆን ስድስት ምዕራፎች አሉት። ባለታሪኩ ሪዩ ሃያቡሳ በተመታ ቁጥር ወደ ኋላ ስለሚወረወር፣ ብዙውን ጊዜ የሚገድለው ምቱ ሳይሆን ከበስተኋላው ያለው ገደል ነው።

ብቻዬን ስሆን ከ13 ደቂቃ በታች እጨርሳለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን አምስት ጓደኞቼን ሳሎን አስቀምጬ ስሞክር፣ 6-2 ላይ፣ ማለትም በስድስተኛው ምዕራፍ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰባት ጊዜ ሞትኩ። እጄ የሚያውቀውን ነገር እንደ አዲስ ማሰብ ጀመርኩ፤ ማሰብ ስጀምር ደግሞ ዘገየሁ። ለመሆኑ ቤት የለመድኩትን ፈጣኑን መንገድ ይዤ ልግባ ወይስ ቀስ ያለውን ልምረጥ? እየተጫወቱ ለተመልካች መናገርስ እንዴት ይቻላል? በሰው ፊት የተጫወታችሁ ካላችሁ ልምዳችሁን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፤ አሮጌ ካሴት

ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ። እኔ ይህንኑ ጨዋታ በሰው ፊት ሦስት ጊዜ ተጫውቻለሁ። ሁለቱን በሰላም ጨርሻለሁ፤ አንዱ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛልና ከእርሱ ልጀምር።

ከመጨረሻዎቹ ሦስት ቦሶች (ዋና ዋና ጠላቶች) ሁለተኛው የሆነው ጃኪዮ ጋ ስደርስ ከጉልበቴ የቀረችኝ ትንሽ ነበረች። ቤት ቢሆን የሚወረውራቸው እሳቶች እስኪያልፉ ቆሜ እጠብቅ ነበር። በዚያ ምሽት ግን ከኋላዬ ያለው ሕዝብ የቦሱን ጉልበት «አምስት! አራት!» እያለ መቁጠር ጀመረ፤ አውራ ጣቴ በላብ ርሶ ነበርና ቁጥሩ ሦስት ሳይደርስ ዘለልኩ፤ እሳቱም አየር ላይ አገኘኝ። ይህ ጨዋታ ከሦስቱ በአንዱ የተሸነፈን ሰው እዚያው አያስጀምረውም፤ ወደ 6-1 ይመልሰዋል። ቀድሞ የተሸነፈው ቦስ እንደተሸነፈ ይቆያል፤ መንገዱ ግን እንደገና መሄድን ይጠይቃል። በእኔ እጅ ያ መንገድ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተደናግጬ ስለነበር 6-2 ላይ ደጋግሜ ሞትኩ፤ ሰዓቴም አለቀና ጨዋታው ሳይፈጸም ከመድረክ ወረድኩ።

ስለዚህ ለጥያቄህ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ቤት ውስጥ ክብረ ወሰን የሚያሳድድ ሰው ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ትንሽ ከተሳሳተ ሪሴት ተጭኖ ከመጀመሪያው ይነሳል፤ በቀን ሃምሳ ጊዜ ቢያደርገውም የሚያየው የለም። መድረክ ላይ ሪሴት የለም። እስካሁን የተለማመድከው ሁሉም ነገር ሲሳካ የሚሆነውን ነው፤ መድረክ ላይ የሚያስፈልግህ ግን ነገር ከተበላሸ በኋላ የሚደረገው ነው። ከአሁን ጀምሮ ከልምምድህ እኩሌታውን ለዚህ ስጥ። 6-2ን ጉልበትህ ተመናምኖ፣ ረዳት መሣሪያም ሳይኖርህ ጀምር፤ አንድ ሕይወት ስታጣ የያዝከው ረዳት መሣሪያ አብሮ እንደሚጠፋ አትርሳ። ከረዳት መሣሪያዎቹ አንዱ የሆነውን፣ እየተሽከረከረ የሚመታውን ዝላይ ይዘህ ቦስን በአንድ ሁለት ዝላይ መጣል ብቻ ከለመድክ፣ ያለ እርሱ ስትገባ እጅህ የሚሠራው ያጣል። ያንንም ደጋግመህ ተለማመድ።

ሰባት ጊዜ የሞትክበትን 6-2 በተመለከተ፣ የዚያ ቦታ ጭካኔ የመጣው ጠላቶቹ ከሚነሡበት ሥርዓት ነው። ጠላት የሚነሣበት ነጥብ ወደ ስክሪኑ ጠርዝ ሲገባ ጠላቱ ይመጣል፤ ገድለኸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትልና ነጥቡ ከስክሪን ወጥቶ እንደገና ቢገባ፣ ያው ጠላት እንደ አዲስ ይመጣል። ሰው ሲፈራ ደግሞ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፦ ከጠላቶቹ አንዷ የሆነችውን ወፍ ያያል፣ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ ሁለተኛ ወፍ ይጠራል። ወደፊት የሚሄድ ተጫዋች ከአንድ ወፍ ጋር ነው ጉዳዩ። እዚያ ላይ ፈጣኑና አስተማማኙ መንገድ አንድ ናቸው፤ ፍጥነትህን አትቀንስ። ፍጥነት የምትቀንሰው ቦሶቹ ላይ ነው።

20 ደቂቃ ተሰጥቶሃል፤ በ13 ትጨርሳለህ። የቀረው ሰባት ደቂቃ ሦስቱ ቦሶች ካሉበት ከ6-4 ወደ 6-1 ሁለት ጊዜ ለመመለስ ይበቃል። ይህንን እያወቅህ ግባ፤ ማወቁ ራሱ እጅን ያረጋጋል።

መልስ 2፤ ከፍራንክፈርት

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው፤ ብዙ ሰው ጥፋቱን በራሱ እጅ ላይ ያላክካል እንጂ ዕቃውን አይጠረጥርም።

አዘጋጆቹ የሚያቀርቡልዎ ስክሪን ምን ዓይነት እንደሆነ ዛሬውኑ ይጠይቁ። አሮጌው ባለቱቦ ቴሌቪዥን ምስሉን እንደደረሰው ያሳያል፤ ዘመናዊው ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን ግን የድሮውን ምስል አስተካክሎና አስፍቶ ስለሚያቀርብ ይዘገያል። ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ያህል ስለሚሄድ አንድ ፍሬም ማለት ከአንድ ሰከንድ ስልሳኛ እጅ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በ50 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ እርስዎ ወፏን የሚያዩዋት ከሦስት ፍሬም በኋላ ነው። በኒንጃ ጋይደን ይህ በመምታትና በመውደቅ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ጠፍጣፋ ከሆነና መለወጥ ካልተቻለ፣ ቢያንስ «ጌም ሞድ» የሚለውን ያስከፍቱና ልምምድዎን ሁሉ በዚያው ዓይነት ስክሪን ያድርጉ።

የራስዎን ጆይስቲክ ይዘው ይሂዱ። ካሴቱም የራስዎ ቢሆን ይመረጣል፤ አገናኙን በአልኮልና በጥጥ ዘንግ ጠርገው ያዘጋጁት። ልጆች ሳለን ሁላችንም እንደምናደርገው እፍ አይበሉበት፤ የአፍ እርጥበት ብረቱን ያዝገዋል። እዚህ አውሮፓ ውስጥ ያለን ሰዎች ደግሞ ሌላ ችግር አለብን፦ ጨዋታው እዚህ የወጣው «ሻዶው ዋሪየርስ» በሚል ስም በ50 ኸርዝ ለሚሠራ ኒንቴንዶ ነው፤ በዚያ የለመደ እጅ በአሜሪካው ላይ ጊዜው ይዛባበታል። እርስዎ አሜሪካ ስላሉ ይህ አያሳስብዎትም።

መልስ 3፤ ተንታኟ

እኔ ከመጫወት ይልቅ ከተጫዋቹ ጎን ተቀምጬ ለተመልካች በማስረዳት ነው የምታወቀው፤ ስለ ንግግሩ ልመልስ።

አይናገሩ። ይህን የምለው በአክብሮት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ የሚቀመጥ ሰው እጁንም አንደበቱንም ባንድ ጊዜ መምራት ይከብደዋል። ጨዋታውን የሚያውቅ አንድ ጓደኛ ከጎንዎ ይቀመጥና እርሱ ያስረዳ። ከእርሱ ጋር አስቀድመው ሁለት ነገር ተስማሙ፦ የት የት ላይ ዝም እንዲል፣ እርስዎ ሲሞቱ ደግሞ ምን እንዲል። ሞት የመጣበት ሰው ያን ጊዜ ማስረዳት አይችልም፤ ጓደኛው ግን «አሁን ወደ 6-1 ተመለሰ፣ ይህ ሦስት ደቂቃ ነው፣ ጊዜ አለን» ሲል ሕዝቡ ከተጫዋቹ ጋር ይሰለፋል። ተመልካች የሚከፋው መሞትዎን በማየቱ አይደለም፤ ምን እየሆነ እንዳለ ሳይገባው ሲቀር ነው።

ሕዝቡንም አይፍሩት። «ጌምስ ደን ክዊክ» የተባለው ትልቁ የስፒድረን ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው በአንድ ቤት ምድር ቤት ውስጥ በተሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ነው፤ ዛሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ሳምንት ሙሉ ሌት ተቀን ይካሄዳል፣ በአሜሪካ የብርድ ወራት የሚካሄደው ለካንሰር መከላከል፣ በሙቀት ወራት የሚካሄደው ደግሞ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ገንዘብ ያሰባስባል። ለጥቂት ዓመታትም እዚያው እርስዎ አጠገብ፣ ሄርንደን ውስጥ ይካሄድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የማይክ ታይሰን «ፓንች አውት» የተባለው የቦክስ ጨዋታ ዓይን በጨርቅ ታስሮ ሲቀርብ የተቀዳውን ይመልከቱት። ተጫዋቹ የሚመራው በድምፅ ብቻ ስለሆነ አዳራሹ ለእርሱ ሲል ጸጥ ይላል፤ የሚያጨበጭበው ተጋጣሚው ሲወድቅ ነው። ምን እንዳስፈለገ ከተነገረው ሕዝብ ራሱን ይገዛል። ለጃኪዮም ጸጥታ ከፈለጉ፣ ከመጀመርዎ በፊት ይጠይቁት።

አሮጌ ካሴት ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። ሁሉንም አስተማማኝ አድርገው ከገቡ ሩጫው ይደርቃል። አንድ አደገኛ ዘዴ ያስቀሩ፤ ቦታው ግን ምዕራፍ 1 ወይም 2 ላይ ይሁን፣ ቢሳሳቱ የሚጠፋው ጥቂት ሰከንድ ነውና። ጓደኛዎ አስቀድሞ ለሕዝቡ ይንገር፤ ቢሳካ አዳራሹ ገና በሁለተኛው ደቂቃ የእርስዎ ይሆናል።

መልስ 4፤ አሮጌ ካሴት

እኅቴ፣ በዚህኛው ተረትቻለሁ። ምዕራፍ 1 ላይ ከሆነ እኔም እስማማለሁ።

የጠያቂው ምላሽ

እጅግ አመሰግናችኋለሁ። ትናንት ማታ የተባለውን ሞከርኩት። 6-2ን ሃያ ጊዜ ያህል በተመናመነ ጉልበትና ያለ መሣሪያ ጀመርኩ፤ የመጀመሪያዎቹን አሥር ሙከራዎች ሁሉ ሞትኩ፣ ከዚያ በኋላ ግን ወደ ኋላ ማፈግፈጌን ሳቆም ወፎቹ በእርግጥ አንድ አንድ ሆነው መጡ። ጃኪዮንም ያለ ዝላይ ምቱ ሦስት ጊዜ ጣልኩት።

ስለ ቴሌቪዥኑ ለአዘጋጆቹ ደውዬ ነበር፤ ያላቸው ጠፍጣፋ ነው፣ የራሴን ካመጣሁ ግን እንደማይከለክሉኝ ነግረውኛል። የአጎቴ ልጅ መኪናውን ሊያውሰኝ ተስማምቷል፤ ከጎኔ ተቀምጦ የሚያስረዳውም እርሱ ነው። ቅዳሜ አምስቱን ጓደኞቼን እንደገና ሳሎን አስቀምጣቸዋለሁ፤ በዚህኛው ግን የቦሱን ጉልበት ጮክ ብለው እንዲቆጥሩ እነግራቸዋለሁ።