የጊልገል ጊቤ የጥልቀት ነጥቦች በዝተውብኛል፤ ግሪድ ከመሥራቴ በፊት እንዴት ላሳሳቸው?

አዌቱ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከጅማ ነው የምጽፈው። የመመረቂያ ጽሑፌ በጊልገል ጊቤ 1 የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ ሐይቅ ደለል ላይ ነው። ጀልባ ላይ ኢኮሳውንደር፣ ማለትም ጥልቀትን በድምፅ የሚለካ መሣሪያ፣ አስረን የለካነው ጥልቀት በጽሑፍ ፋይል አለኝ፤ ነጥቦቹ መቶ ሺህ ይጠጋሉ። ያስቸገረኝ አቀማመጣቸው ነው። ጀልባዋ በሄደችበት መስመር ላይ በየሜትሩ ነጥብ አለ፤ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው ግን 200 ሜትር ባዶ ነው። ጂኤምቲ በተባለው የካርታ ሶፍትዌር፣ ሰርፌስ በሚለው ትእዛዝ የ50 ሜትር ግሪድ (ሐይቁን በእኩል አራት ማዕዘን ሴሎች የሚከፍል የጥልቀት መረብ) ስሠራ ማስጠንቀቂያ ይሰጠኛል። ብዙ ነጥቦች እንደሚታለፉና ቀድሞ የየሴሉን ነጥቦች ወደ አንድ በሚያጠቃልሉት በብሎክሚን (በአማካይ)፣ በብሎክሚዲያን (በመካከለኛው ዋጋ) ወይም በብሎክሞድ (በብዛት በሚገኘው ዋጋ) ማዘጋጀት እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ካርታው ይወጣል፤ ግን በጀልባዋ መንገድ ላይ ጉብታና ጉድጓድ ተደርድሯል። ከሦስቱ የቱን ልጠቀም?

ቦዬ
ቀላሉ መንገድ ከፋይሉ ከየ10 መስመሩ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል ነው። ኦክ በሚባለው የጽሑፍ ፋይል ማቀነባበሪያ አጭር ትእዛዝ ይበቃል፤ ፋይሉም ወዲያው ይቀላል።

ጅሬን
ቦዬ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ከ10 አንዱን ስትወስድ የተረፈው የተሳሳተ ልኬት ከሆነ ስሕተቱ እንዳለ ይቀጥላል፤ ደህናዎቹን 9 ደግሞ ጥለሃቸዋል። ጀልባዋ ቆማ የቆየችበት ቦታም ያው እንደተከመረ ነው።

አዌቱ፣ ሰርፌስ ለአንድ የግሪድ መገናኛ አንድ ነጥብ ብቻ ነው የሚይዘው፤ ቅርቡን። ሌላውን ይተዋል። ስለዚህ በአንድ 50 ሜትር ሴል ውስጥ ስንት ልኬት እያለ፣ ለመሃሉ የቀረበው ብቻውን ይወስናል ማለት ነው። እሱ የተበላሸ ከሆነ ካርታሽ ላይ ጉድጓድ ይሆናል።

ለአንቺ የሚሆነው ብሎክሚዲያን ነው። ኢኮሳውንደር አንዳንዴ እጥፍ ያነባል። ድምፁ ከወለሉ ተመልሶ፣ ከውሃው ገጽ ነጥሮ፣ እንደገና ወርዶ ሲመጣ መሣሪያው ያንን እንደ ጥልቀት ይመዘግበዋል። አንድ ሴል ውስጥ 14.0፣ 14.2፣ 13.9፣ 14.1 እና 28.2 አሉ እንበል። አማካዩ 16.9 ገደማ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ጥልቀት እዚያ ቦታ የለም። ሚዲያኑ ግን 14.1 ነው። ለነገሩ የጊቤ 1 ግድብ ራሱ ቁመቱ 40 ሜትር ገደማ ነው። ፋይልሽ ውስጥ 50 እና 60 ሜትር ካየሽ ቀድመሽ አውጪው።

አጻጻፉ ከባድ አይደለም። ብሎክሚዲያን ብለሽ የፋይሉን ስም፣ በሰረዝ አር (-R) የአካባቢውን ወሰን፣ በሰረዝ ትልቁ አይ (-I) የሴሉን ስፋት 50 ትሰጪዋለሽ። ውጤቱን በአዲስ ፋይል አስቀምጪና ለሰርፌስ ስጪው። ወሰኑና ስፋቱ በሁለቱም ትእዛዝ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ሰረዝ ትልቁን ሲ አትጨምሪ። እሱ ነጥቡን ወደ ሴሉ መሃል ይወስደዋል፤ ሳይጨመር ግን ልኬቱ በእርግጥ ወደተወሰደበት ቦታ የቀረበ ነጥብ ታገኛለሽ።

አዌቱ
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ገብቶኛል። ሞከርኩት፤ ግን ባዶ ፋይል ነው የሚወጣው። የስሕተት መልእክትም የለም። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር 862415 315230 14.1 ይላል።

መልኮ
መልሱ እዚያው መስመር ላይ አለ። ቦታን በሜትር በሚገልጸው የካርታ ሥርዓት፣ በዩቲኤም ዞን 37፣ ጊቤ 1 አካባቢ የምሥራቁ ቁጥር 3 መቶ ሺህ ቤት፣ የሰሜኑ 8 መቶ ሺህ ቤት ነው። መሣሪያሽ ሰሜኑን አስቀድሞ ጽፏል። ጂኤምቲ ደግሞ መጀመሪያ ምሥራቁን ይጠብቃል። ሁሉም ነጥብ ከወሰኑ ውጪ ሆኖበት ነው ዝም ያለው። ሰረዝ ትንሹ አይ 1,0,2 ብለሽ ጨምሪበት። ዓምድ የሚቆጥረው ከ0 ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ፊት አምጣ ማለት ነው። ትልቁ አይ የሴል ስፋት፣ ትንሹ አይ የዓምድ ቅደም ተከተል፤ እንዳይምታቱብሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የለካችሁት በአንድ ቀን ነው? ማመንጫው ውሃ ሲለቅ የሐይቁ ከፍታ ይወርዳል። ቀኖቹ ከተለያዩ ጥልቀቱን እንዳለ አትቀላቅዪ። ከየዕለቱ የውሃ ከፍታ ላይ ጥልቀቱን ቀንሰሽ የወለሉን ከፍታ አውጪ፤ ብሎክሚዲያን ከዚያ በኋላ ይምጣ። አለበለዚያ መስመሮች በሚቋረጡበት ሴል ሁለት የተለያዩ ወለሎች ይጋጫሉ። ሰረዝ ትልቁን ኢ ብትጨምሪ የየሴሉን ስርጭት፣ ትንሹንና ትልቁን ዋጋ በተጨማሪ ዓምዶች ይጽፍልሻል። ስርጭቱ የሰፋባቸውን ሴሎች ለይተሽ በዓይንሽ እያቸው።

አዌቱ
ዓምዱ ተስተካከለ፣ አሁን ይሠራል። ቀኖቹ የተለያዩ ናቸው፤ ወደ ወለል ከፍታ ቀየርኳቸው። የጀልባዋ መንገድ ካርታው ላይ መታየቱ ቀረ፣ ደስ ብሎኛል! ዳርቻው ላይ ግን ወለሉ ወደ መሬቱ አልፎ እየወረደ ይሄዳል።

ጅሬን
ዳር ላይ ልኬት ስለሌለ ሰርፌስ ያየውን ዝንባሌ ይዞ ይቀጥላል። የሐይቁን ዳርቻ ከሳተላይት ምስል ላይ በነጥብ አውጪና ምስሉ በተነሳበት ቀን የነበረውን የውሃ ከፍታ ስጫቸው። ከዚያ ከልኬቶቹ ጋር ቀላቅለሽ ብሎክሚዲያንን ድገሚ። ውጥረቱንም፣ ሰረዝ ትልቁ ቲን፣ 0.35 አድርጊው። ካልሰጠሽው 0 ነው፤ ያኔ ገጹ ነጥብ በሌለበት ይወዛወዛል። በመጨረሻ ከዳርቻው ውጪ ያለውን በግሪድማስክ ጭንብል ሠርተሽ ቁረጪ።

መልኮ
በመስመሮቹ መካከል ያለው 200 ሜትር አሁንም ግምት ነው፤ 50 ሜትር ሴል ስለሆነ ብቻ ዝርዝር አይጨምርም። የደለሉን መጠን ከማስላትሽ በፊት አንድ የጀልባ መስመር ሙሉ በሙሉ አውጥተሽ ግሪዱን ያለ እሱ ሥሪ። ከዚያ በግሪድትራክ የግሪዱን ዋጋ በዚያ መስመር ላይ አንብቢና ከልኬቱ ጋር አስተያዪ። ልዩነቱን ጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው፤ አማካሪሽ መጠየቃቸው አይቀርም።