ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ሆኖ ለምን አይጥለቀለቅም?

ጥያቄ፦ የዳሎል ጨው ሜዳ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ቀይ ባሕርም ቅርብ ነው። ታዲያ ውኃው ለምን አይገባም?

መልስ 1፦ ቀድሞ ገብቶ ነበር እኮ! በሰሜን፣ ከቀይ ባሕር ወደ ኤርትራ በሚገባው በዙላ ባሕረ ሰላጤ በኩል፣ የእሳተ ገሞራ ላቫና ከፍ ያለ መሬት መንገዱን ዘጋው። ተቆርጦ የቀረው ውኃ ተንኖ ጨው ሆነ፤ አሞሌ የሚጠረበው ከዚያ ነው። በረባዳው ጠርዝ የጥንቱ ኮራል ዛሬም ይታያል።

መልስ 2፦ በአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ግን ጅቡቲ ያለው የአሳል ሐይቅ ነው፣ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ገደማ። ሙት ባሕር ከ430 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ አሁንም በየዓመቱ 1 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ የዮርዳኖስ ውኃ ለመስኖ ስለሚጠለፍ።

መልስ 3፦ የእነዚህን ቦታዎች ከፍታ በባሮሜትር (በአየር ግፊት መለኪያ) የምትለኩ፣ የዕለቱን የባሕር ወለል የአየር ግፊት አስቀድማችሁ አስገቡ። የ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ) ስሕተት ከፍታውን 8 ሜትር ያህል ያዛባል።