ሁለት የቤት ሥራ ጥያቄ፦ «ቢያንስ አንድ ሰማያዊ» እና በካሬ ውስጥ ያለ ክብ

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ጥያቄ አስቸግሮኛል።
አንደኛው፦ ከረጢት ውስጥ 5 ቀይና 3 ሰማያዊ ብይ አለ። የወጣው ሳይመለስ ሁለት ብይ ቢወጣ፣ ቢያንስ አንዱ ሰማያዊ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? 3/8 እና 3/7 ስደምር 45/56 መጣ። የመጽሐፉ መልስ ግን 9/14 ነው።
ሁለተኛው፦ አራቱንም የካሬ ጎኖች ከውስጥ የሚነካ ክብ አለ። ካሬው ውስጥ በዘፈቀደ የተመረጠ ነጥብ ከክቡ ውጭ የመሆን ዕድሉስ? የጎኑ ርዝመት እንኳን አልተሰጠም!

የመጀመሪያው መላሽ፦ መጽሐፉ ልክ ነው። «ቢያንስ አንድ» የሚል ስታይ ተቃራኒውን ፈልግና ከ1 ቀንስ። እዚህ ተቃራኒው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ሁለቱም ቀይ መሆናቸው? 5/8 × 4/7 = 20/56።

የመጀመሪያው መላሽ፦ በቃ፣ ጨረስክ እኮ። 1 − 20/56 = 36/56፤ ሲቃለል 9/14።

ሁለተኛው መላሽ፦ መልሱስ ተገኘ፤ መደመሩ ለምን እንዳልሠራ ግን ሳይታይ አይታለፍ። ሁለተኛው ብይ ሰማያዊ የመሆን ዕድሉ 3/7 የሚሆነው የመጀመሪያው ቀይ ከነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ 3/7 በ5/8 መባዛት አለበት፦ 3/8 + (5/8 × 3/7) = 21/56 + 15/56 = 36/56። ያው መጣ። ካላመንክ ቀለሞቹን ገልብጣቸው፤ ሰማያዊው 5፣ ቀዩ 3 ይሁን። በአንተ መንገድ 5/8 + 5/7 = 75/56 ይሆናል። ከ1 የሚበልጥ ዕድል ደግሞ የለም።

ጠያቂ፦ አሃ! አሁን ገባኝ።

ሦስተኛው መላሽ፦ ወደ ክቡ ልምጣ። ጎኑ ባይሰጥም አትጨነቅ፣ ይጣፋል። ሬድየሱን «ረ» በለው። የካሬው ጎን 2ረ፣ ስፋቱ 4ረ² ነው። የክቡ ስፋት ፓይ × ረ²። ሲካፈሉ ረ² ይጣፋና ፓይ/4 ይቀራል። እሱ የውስጡ ነው፤ የተጠየቅከው የውጩን ስለሆነ 1 − ፓይ/4፣ ወደ 0.215 ገደማ። ብዙ ሰው ፓይ/4 ላይ ያቆምና ነጥብ ያጣል።
አሁን አንተ ሞክር፦ ካሬው ክቡ ውስጥ ቢሆንና አራቱም ጥጎቹ ክቡን ቢነኩ፣ ክቡ ውስጥ የተመረጠ ነጥብ ካሬው ውስጥ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

ጠያቂ፦ ከጥግ እስከ ጥግ ያለው መስመር 2ረ ነው። የካሬው ስፋት 2ረ²። ስለዚህ 2/ፓይ፣ 0.637 ገደማ?

ሦስተኛው መላሽ፦ ልክ ነህ። ስታስረክብ ሥዕሉንም ሳለው፤ 2ረ ከየት እንደመጣ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።