ክርክር፦ የመንግሥት መሪ ሲመረጥ የተወካዮች ድምፅ ይታይ ወይስ ይደበቅ?

አወያይ፦
ጥያቄው አጭር ነው። ከምርጫ በኋላ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲመርጥ፣ እያንዳንዱ ተወካይ ድምፁን ለማን እንደሰጠ ሕዝብ ማወቅ አለበት? ስፔን ውስጥ ስም እየተጠራ፣ ሁሉም እየሰማ ነው። ጀርመን ውስጥ ወረቀቱ በፖስታ ተደርጎ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ስድብ የለም፤ ግቡበት።

ፊት ለፊት፦
የምን መደበቅ? የእኔ ድምፅ ምስጢር የሆነው የራሴ ስለሆነ ነው። የተወካዩ ድምፅ ግን የእኔ ነው፤ ያበደርኩት እኔ ነኝ። ምን እንዳደረገበት ካላወቅሁ በሚቀጥለው ምርጫ በምን ልመዝነው? ጣሊያኖች ይህን በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 94 ዘግተውታል። ለመንግሥት መተማመኛ ድምፅ የሚሰጠው ስም እየተጠራ ነው። አለቀ።

ኅሊና፦
ወንድሜ፣ አላለቀም። ድምፁ ግልጽ ሲሆን ቀድሞ የሚያየው ሕዝብ አይደለም፣ የፓርቲው አለቃ ነው። የሚቀጥለውን የዕጩዎች ዝርዝር የሚያወጣውም እሱ ነው። እጁን ያላወጣ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ታውቃለህ።
እ.ኤ.አ. ግንቦት 6 ቀን 2025 በርሊን የሆነውን እይ። የጀርመን መንግሥት መሪ (ቻንስለር) ሊሆን የቀረበው የፍሪድሪሽ ሜርዝ ጥምረት 328 መቀመጫ ነበረው፣ የሚያስፈልገው 316 ነበር። ሳጥኑ ሲከፈት 310 ወጣ። ቢያንስ 18 የራሱ ሰዎች ከድተውታል ማለት ነው። በግልጽ ቢሆን ስንቱ ይደፍር ነበር? በዚያው ቀን እንደገና ድምፅ ተሰጥቶ በ325 አለፈ፤ ግን መልእክቱ ደርሶታል።

ፊት ለፊት፦
መልእክቱን የላከው ማነው ታዲያ? አይታወቅም! በዚያው አገር እ.ኤ.አ. በ2005 ሽሌስቪሽ ሆልሽታይን በሚባለው ክልል ሃይደ ሲሞኒስ የክልሉ መንግሥት መሪ ሆና እንደገና ልትመረጥ 35 ድምፅ ያስፈልጋት ነበር። አራት ጊዜ ተሞከረ፤ አራት ጊዜ 34። ከራሷ ወገን አንድ ሰው በየዙሩ ወጋት፣ እስከ ዛሬ ማን እንደሆነ በይፋ አልታወቀም። ይህን ኅሊና ካልከው፣ ኅሊና ስም የለውም እንዴ?

ደንብ አንባቢ፦
ሁለታችሁም ስለ ወረቀቱ ትጨቃጨቃላችሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ደንቡን ማን፣ መቼ እንደሚጽፈው ነው። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ አንቀጽ 63 ያለ ክርክር ይመረጣል ይላል እንጂ ስለ ምስጢር አንድ ቃል የለውም። ምስጢሩ ያለው በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ውስጥ ነው። የአሠራር ደንብ ደግሞ ምክር ቤቱ ራሱ የሚቀይረው ነገር ነው።
የታይላንድን ነገር ካላያችሁ እዩት። እ.ኤ.አ. በ2023 የጠቅላይ ሚኒስትር ዕጩው ፒታ ሊምጃሮንራት የተመራጮቹን ምክር ቤት አብላጫ የያዘ ጥምረት ነበረው፣ ከ500 ውስጥ 312። ግን 250 ሹመኛ ሴናተሮችም አብረው ድምፅ ይሰጡ ስለነበር 324 ብቻ፣ ከጠቅላላው ግማሽ በታች፣ አግኝቶ ወደቀ። ከስድስት ቀን በኋላ እንደገና ሊቀርብ ሲል «አንድ ጊዜ የወደቀ ሞሽን (የውሳኔ ሐሳብ) በዚያው የስብሰባ ዘመን አይመለስም» የሚል የአሠራር ደንብ ተመዘዘበት። የጠቅላይ ሚኒስትር ዕጩ ማቅረብ ሞሽን ነው እንዴ? ይህን የወሰነው ራሱ ጉባኤው ነው፣ በድምፅ ብልጫ። ድምፁ ግልጽ ነበር፤ ምን ጠቀመ?

ኅሊና፦
ይሄ ይገርማል። ግን አፈ ጉባኤዎችን አትርሳ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሲመረጥ ድምፁ ምስጢራዊ ይሁን ይላል፣ ለማውረድ ሲሆን ግን ዝም ይላል። ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ሥልጣኑ የአፈ ጉባኤዋ ነው አለ፤ እሷም ምስጢራዊ አደረገችው። 177 ይውረድ፣ 198 አይውረድ። ፕሬዚዳንቱ ጃኮብ ዙማ ተረፈ። ያው የአለቃ ፍርሃት ቀርቶም ተረፈ።

ፊት ለፊት፦
ስለዚህ የአንተ መድኃኒትም ሁሌ አይሠራም ማለት ነው። 😄

ቆጣሪ፦
ዘግይቼ ገባሁ። ድምፀ ተአቅቦን እንዴት ማንም አላነሳውም? ስዊድን ውስጥ ጠቅላይ ሚኒስትር ለመሆን አብላጫ አያስፈልግም፤ 175 ሰው፣ ማለትም ከግማሽ በላይ፣ «አይሆንም» እንዳይል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ማግዳሌና አንደርሰን 117 ደጋፊ፣ 174 ተቃዋሚ፣ 57 ድምፀ ተአቅቦ አገኘች። አለፈች! ያው 57 ሰው ዝም ብሎ መንግሥት አቆመ። እዚያ ዝምታም በስም ይመዘገባል፤ በምስጢር ቢሆን ኖሮ ማን ይጠየቅ ነበር?

ደንብ አንባቢ፦
ጥሩ ነጥብ ነው። ዝምታ የድጋፍ ያህል በሚቆጠርበት ቦታ ድምፁ ግልጽ መሆን አለበት፣ በዚህ ከ«ፊት ለፊት» ጋር ነኝ። ሌላ ቦታ ምስጢራዊ ቢሆን አልጮህም። ግን የትኛውም ቢመረጥ በሕገ መንግሥቱ ይጻፍ፣ ከምርጫው በፊት። ውጤት ከታወቀ በኋላ የሚመዘዝ ደንብ የማን ኪስ ውስጥ እንደነበር ሁሉም ያውቃል።

ፊት ለፊት፦
እሺ፣ በሕገ መንግሥት ይጻፍ። ግን ስም እየተጠራ ተብሎ!